የስሙኒ ዕዳ

ሶፋውን ወደ በረንዳ ገፍተን፣ ሳሎኑን አውቶብስ አደረግነው፣
ወንበር በሁለት ረድፍ ደርድረን፣ መሀሉን መተላለፊያ ተውነው፤
በየጀርባው ቁጥር በጠመኔ፣
ሹፌሩ አጎቴ ከማል፣ ትኬት ቆራጭ እኔ።

መሪው የወንፊት ክብ ነው፣ ማርሹ አሮጌ ከዘራ፣
ግድግዳው ላይ በካርቶን፣ የሐረጎ ጥምዝ፣ የጦሳ ተራራ፤
ከላይ የሀያት ጽሑፍ፣ ፊደሉ እየተጋፋ፦
«ኮምቦልቻ – ደሴ፣ ሃምሳ ዓመት። በመስኮት አይተፋ።»

ኬኩም አውቶብስ ነበረ፣ አራት የብስኩት ጎማ፤
ትንሹ ፉአድ አንዱን በላው፣ እንግዳ ሳይገባ፣ በማለዳ፤
«ጎማ ፈነዳ!» አለ አጎቴ፤ ሳቃችን እስከ ሸዋ በር ተሰማ።

አስር ሰዓት ላይ ገቡ። ከኋላቸው ጉም ገባ፣
(የደሴ ጉም ትኬት አይቆርጥም፣ ደጅ ላይ ነው የሚያደባ።)
አባዬ ሙሄ ደፉ ላይ ቆመ። ጽሑፉን አነበበ።
እንደ ድሮው፣ በዓይኑ፣ ወንበር በወንበር ሰው ቆጠረ፣ አሰበ፤
ከዚያ በመዳፉ የበሩን መቃን ሁለቴ ጠበጠበ፦
«ሂድ!»
የሃያ ስምንት ዓመት ድምፅ ነበር። የት አስቀምጦት እንደቆየ እንጃ።

እኛ የምናውቀው ይህን ነው፦
እሱ የፊያት አውቶብስ ረዳት፣ በር ላይ ተንጠልጣይ፣ ታኮ ተሸካሚ፣
እሷ ከኮምቦልቻ ሎሚ ጭና፣ ወደ ሰኞ ገበያ ገስጋሚ፤
ሂሳቡ ሰባ አምስት ሳንቲም፣ እጇ ላይ ሃምሳ ብቻ።
«ስሙኒ ይጎድላል» አላት።
«ነገ» አለችው፣ ዓይኗን ሳትሰብር፣ «ስትመለስ፣ ኮምቦልቻ።»

ነገ ግን ረዘመ።
ነገ ሠርግ ሆነ፤ ያለ ፎቶ፣ ያለ ድንኳን፣ በተዋሱት ጋቢ፣
(ያ ዓመት ለድግስ አልነበረም፤ መንገዱ ዳር ሰው ይወድቅ ነበር፤
ይህን ስትነግረን እማዬ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች።)
ነገ ቤት ሆነ፤ ሰባት ልጅ ተሳፈረ፣
ሁለቱ «ወራጅ» ሳይሉ ወረዱ።

ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል እሷ የተኛች ክረምት፣
ነርሷ «ሰዓት አልቋል፣ ይውጡ» ስትለው በሌሊት፣
«ዳገት ላይ ናት፣ ልጄ፣» አላት፣ «ታኮ ይነሳል እንዴት?»

«ሂሳብ!» እያልኩ በመሀል አለፍኩ፤ ክፍያው ከረሜላ ነው።
አባዬ አንደኛውን ወንበር እንቢ ብሎ በር ላይ ቆሟል፤
ረዳት ተቀምጦ አያውቅም።
እማዬ ዘምዘም ጋ ስደርስ፣ ቀስ ብላ መቀነቷን ፈታች፣
ከመቀነቷ መሀረብ፣ ከመሀረቡ ቋጠሮ፣ ከቋጠሮው ስሙኒ አወጣች፤
ጠርዙ ጥርስ ያለው፣ የድሮው፣ ዛሬ ሱቅ የማይቀበለው፤
እኔን አልፋ ዘረጋችለት፦ «እንካ። ነገ ያልኩህ ይኸው ነው።»

በአፉ ሲያጓራ የቆየው አጎቴ እንኳ ሞተር አጠፋ።
አባዬ እጁን ወደ ኋላው ደበቀ፣ ስኳር ሲሰርቅ እንደተያዘ ሕፃን።
«ወላሂ አልቀበልም።»
«ምነው?»
«ሂሳቧን የዘጋች ተሳፋሪ፣ ደሴ ስትደርስ ትወርዳለች፤
ዕዳ ያለባት ግን፣»
 አላት፣
  «ደርሶ መልስ ትሄዳለች።»

ስሙኒውን መልሳ ቋጠረች፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ አጥብቃ፤
«ሞኝ» አለችው። ወደ እኔ ዞራ፦
«አንቺስ ምን ይገትርሻል? ቁረጪው ኬኩን፣ በቃ!»

ውጪ ጉሙ ጦሳን ውጦታል፤ የሄደው መብራት ተመለሰ፤
የፉአድ እጅ፣ በዝግታ፣ ሁለተኛው ጎማ ላይ ደረሰ።