ታቦት ሠሪው

ከሲራኩዛ ጫፍ፣ ከደሴቲቱ ዳር፣
ጨው የበላው በር ነው፣ የአናጢው ያኑ በር።
ሥራ ልጠይቀው ስገባ በካፊያ፣
ቀና ብሎ አየኝ፣ አኖረ መላጊያ፣
«ሚሽኪኑ!» አለና ወንበር ሳበልኝ፤
በማን ቋንቋ ይሆን? የኔ መሰለኝ።

ኋላ ነው የገባኝ፦ ዐረብ የዘራውን ኖርማን ሳይነቅለው፣
እስፓኝ ሳያርመው፣ ጳጳስ ሳይከለክለው፣
ሺህ ዓመት ዘልቆ ነው ቃሉ ካፉ ያለው።

እኔም ባለዕዳ ነኝ። ጎንደር፣ ቀሃ ማዶ፣
አጎቴ ጣውላውን በመጋዙ አርዶ፣
«ሰጋቱራ ጥረግ! ካቻቢቴ አምጣ!» ሲል፣
ከግዕዝ የወረዱ ይመስሉኝ ነበር፣ ልክ እንደ ፊደል።
እዚህ ያኑ ሲጠራቸው ደነገጥሁ፤
ሰርቄ የነዳሁት በግ ባለቤቱን አይቶ
እንደሚጮኽብኝ፣ በሰው ፊት አፈርሁ።

እሑድ እሑድ ካቴድራሉ ይወስደኛል። አይጸልይም።
ግድግዳ ውስጥ የተቀበረውን ዓምድ በመዳፉ ይዳብሳል፦
«ይኼ የጣኦት ነበር፣ የግሪኮች።
መሐሉን በድንጋይ ሞልተው ቤተ ክርስቲያን አሉት፤
ዐረቦች መጡና ሰገዱበት፤
ኖርማኖች መስቀሉን መለሱት፤
ምድር ስትንቀጠቀጥ ፊቱ ረገፈ፣ ሌላ ፊት ሰጡት።
ዓምዱን የነካው ግን የለም።
ከአናጢ ስማ፤
የተሸከመህን አትነካም።»

ከባሕሩ አፍንጫ ሥር ጣፋጭ ውሃ ይፈልቃል፤
ከምንጩም መሐል፣ ዐይኔን አላመንሁም፣ ደንገል በቅሏል።
የታንኳ ደንገል። የጣና።
በግብጽ ዞሮ የመጣ ነው ይላሉ፤
ማን እንደተከለው የሚያውቅ የለም፣
ደንገሉም ይጠጣል እንጂ አይናገርም።

ያኑ አጥሩን ተደግፎ ነገረኝ፦
«አባቴ ካገርህ ዘምቶ ሲመለስ
ሜዳሊያውን ሸጠው፤ የቀረው አንድ ቃል ነው።
እስኪሞት ድረስ፣ ትኩሳት ሲይዘው፣
ውሃ ይል ነበር። ውሃ፣ ውሃ።
እናቴ የሴት ስም መስሏት ስትቀና ኖረች።»
ልስቅ ከጀልሁ።
ግን ያጠጣውን ሰው አሰብሁ፣
ወይም የከለከለውን።

በየካቲት ጎረቤታችን ቬኔራ አረፈች፤
ወይን ሻጭ ነበረች፣ ወይኗን «ዚቢቡ» የምትል፣
ስትመዝን ጣቷን የምታሳርፍ፣
ሲነቃባት ደግሞ ዘለላ የምትመርቅ።
ያኑ እስከ እኩለ ሌሊት ላገላት።
«ና፣ ያዝልኝ» አለ፣ «ታቡቱውን እንጨርስ።»

መዶሻው አየር ላይ ቀረ።
ታቦት?

ሬሳ ሳጥን ማለቱ ነው።
ከአንድ ቤት የወጣ ቃል፣ በሁለት መንገድ የሄደ፤
እኛ ቃል ኪዳን አኖርንበት፣ እነሱ ሰው።
ምን ላድርግ? ጫማዬን አወለቅሁ።
ሰጋቱራው ላይ በባዶ እግሬ ቆሜ
ምስማር በምስማር አቀበልሁት።
ያኑ እግሬን አየ፤ አልጠየቀም።
ጥቂት ቆይቶ፣ ወገቡን ይዞ ጎንበስ ብሎ፣
የራሱን ማሰሪያ ፈታ።

ሲነጋ አራት ወንዶች ተሸከሟት።
ዓሣ ሻጮቹ ጩኸታቸውን ዋጡ፣
ዶሪያ የለበሰው አንዱ ብቻ ቢላውን ማፏጨት ረሳና ቀጠለ።
ታቦት ሲወጣ እልል ይባላል፤
ሬሳ ሲወጣ ይለቀሳል፤
ጉሮሮዬ ከሁለቱ መሐል ደረቀ፣
ባሕሩ በግራዬ፣ ያ ሁሉ ባሕር፣ ለጥም የማይሆን።

«ውሃ» አልሁ፣ ለማንም ሳይሆን።

ያኑ ዞረ።
ኮዳውን ከብብቱ አውጥቶ ሰጠኝ።