የዓሣ ሞግዚት

ሠላሳ ዓመት ሙሉ መረብ ስጎትት፣
ቆሮሶ ስሰነጥቅ፣ አምባዛ ስከትፍ፣ ከነጋዴ ጋራ በሳንቲም ስሟገት፣
ኖሬ ኖሬ፣
ሽምብጥ ትምህርት ቤት በር ጠባቂ ተብዬ ገብቼ፣
የዓሣ ሞግዚት ሆንሁ ዛሬ።

መምህርት ስለእናት፣ የአራተኛ «ለ»፣
ማክሰኞ በጠዋት ከበሩ ላይ ቆማ፣ «ጋሽ ይርዳው» አለችኝ፣
«ከባጃጅ የሚወርድ አንድ በርሜል አለ።»

በርሜሉ ሰማያዊ፣ የዘይት ሽታው ገና ያልለቀቀው፤
ሦስት ቀን ልጆቹ በአመድ ፈተጉት፣ ከነዩኒፎርማቸው ገብተው።
ጠጠር ከዓባይ ዳር በፌስታል አመጡ፣
በሰባት ውሃ አጥበው ድቡልቡሉን መረጡ።
ከበርሜሉ በላይ፣ በጣውላ አልጋ ላይ፣ ገንዳ ሙሉ ድንጋይ፤
አፈር የሚባል የለ፣ ማረሻ የለ፣ ዝናብ የለ ከሰማይ።
«እዚህ ላይ» አለች እሷ፣ «ሰላጣ ይበቅላል።»
እኔ በልቤ ሳቅሁ፤ ድንጋይ ደግሞ ምን ይወልዳል?

ሃያ ሁለት ጫጩት፣ የጥፍር ያህል ቆሮሶ፣
በጀሪካን መጡ፤ ደርብ እቅፍ አድርጎ፣ ግማሹ ውሃ ደረቱ ላይ ፈሶ።

«ዓሣው በልቶ ይሸናል።» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤
መምህርቷ ጠበቀች፤ ሳቁ እንደ ማዕበል ሄዶ፣ እንደ ማዕበል ተመለሰ።
«ሽንቱን ፓምፑ ስቦ ወደ ጠጠሩ ያወጣል፤
እዚያ በዓይን የማይታይ ሕይወት አለ፣ መርዙን ምግብ ያደርጋል፤
ሥሩ ይጠጣዋል፤
ውሃው ጠርቶ ወርዶ ዓሣው ይተነፍስበታል።»

አዝመራ እጇን አወጣች፣ አባቷ ደንገል ጎንጉኖ ታንኳ የሚሠራ፤
«ቲቸር፣ እምቦጭም እኮ ከቆሻሻ ነው የሚወፍር፤
ሥር ውሃ የሚያጠራ ከሆነ፣ ጣና ለምን አልጠራ?»
ስለእናት ቾኩን ይዛ ቆመች።
ጥያቄውን ከሰሌዳው ጥግ ጻፈች፣ በክብ ከበበች፣
ከጎኑ «አይጥፋ» አለች።

ከዚያ አንድ ሌሊት መብራቱ ድርግም አለ።
ድምፅ አይደለም ያነቃኝ፤ ዝምታ ነው፤ የፓምፑ ጉርጉርታ ከጆሮዬ ጎደለ።
በባትሪ ገባሁ፤ ሁሉም ከውሃው ቆዳ ላይ አፍ ብቻ ሆነው ነበር፣
ሲከፍት፣ ሲዘጋ፣ ሲከፍት፣ እንደ ሰው ሊናገር።
ያን አፍ አውቀዋለሁ፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከታንኳዬ ወለል፣ ዋጋውን አስልቼ አልፌዋለሁ።
ጆግ አነሳሁ።
ቀድቼ ከላይ አፈስሳለሁ፣ ቀድቼ አፈስሳለሁ፤
ወገቤ ሲንቋቋ፣ ትንኙ ሲበላኝ፣
ሊነጋጋ ሲል ነው ፓምፑ አጉረምርሞ «በቃህ» ያለኝ።

ሃያ አንድ ዳኑ።
አንዱ በጎኑ ተንሳፎ፤ አዝመራ ቆጠረች፣ ደግማ ቆጠረች፣ ምንም አላለችኝ፤
ልትቀብረው ፈልጋ፣ ክፍሉ ውስጥ አፈር የለም፣
ከግቢው ዋርካ ሥር ወሰደችው።

በሁለተኛው ወር ለእያንዳንዱ ሦስት ቅጠል፣ በሎሚ፣ በጨው።
ለእኔም አንድ ደረሰኝ፤
ጥርሴ መሀል ሲንኮሻኮሽ ጣና ጣና አለኝ።

ማታ ክፍሉን ስቆልፍ ሰሌዳውን አያለሁ።
ሒሳቡ ተጠርጓል፣ ቀኑም ተጠርጓል፤
የአዝመራ ጥያቄ ግን ከነክቡ እንዳለ አለ።
መስኮቱን ስዘጋ፣ ሐይቁ ላይ የተኛ ነገር ይታየኛል፤
እምቦጭ ይሁን ደንገል፣
ሲመሽ አይለይም።