መዳብ ጥምጥም

እሑድ እሑድ ጧት፣ ፀሐይ ሳትከር፣
ከለገሃር አጥር፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር፣
ሦስት ሽማግሌ የለስላሳ ሣጥን ገልብጠው
ስለ አንዲት ሎኮሞቲቭ ይሟገታሉ ተቀምጠው።

«ሁለት መቶ ዐሥር ናት» ይላል ሮብሌ፣
«አፍንጫዋ ላይ ጭረት ያላት፤ ከሽንሌ
አውራ ግመል ገጭታ።»
ወርዶፋ ይስቃል፦
«ግመሉን የገጨችው ሁለት መቶ ዘጠኝ ናት፤
ካሣውን የቆጠርኩ እኔ አይደለሁም ወይ?» ይላል።

ይቺ ጧት ስትነሣ ታኮርፍ እንደነበር፣
ያቺ ኤረርን ስታልፍ ማፏጨት እንደምትጀምር፣
ሁሉን ያነሡታል፣ እንደ ልጅ ጠባይ።

አባቴ ዝም ነው።
ጆሮውን ሞተር በልቶታል።
እኔ ልጁ ጎኑ ሆኜ ክርክሩን እጮኽለታለሁ፤
ግማሹን እተዋለሁ።

በዚህ ከተማ ቄሱም ይጠመጥማል፣ ሼኩም ይጠመጥማል፤
አባቴም ጠምጥሟል፤
ነጭ ሻሽ ግን አይደለም፤ ቀይ የመዳብ ክር፣
በባቡር ልብ ዙሪያ፣ ዙር በዙር፣ በቁጥር።
አንድ ዙር ቢሳሳት፣ የኤረር ብርቱካን
ሐዲድ ላይ ይበሰብሳል፣ ሙሽሪትን ያልፋታል ቀን።
«ጭሱ አያታላችሁ» ይል ነበር፣ «ናፍጣው ሎሌ ነው፤
የሚጎትተው መዳቡ ነው።»

አዲሱ ባቡር ከከተማው ወጣ ብሎ ያልፋል፣
ሽቦውን እየላሰ፤ ጭስ የለው፣ ጉምጉምታ የለው።
«ጎበዝ ነው» ይላል ወርዶፋ፣ «ግን አንዱን ካንዱ ማን ይለየው?»

ባለፈው እሑድ የዘበኛው ልብ ራራ፤
የጋራዡን በር ሲገፋው ርግቦች በረሩ ከጣራ።
ቆማለች። አቧራዋ ጣት ያስጽፋል።
ግንባሯ ላይ የነበረው ቁጥር ተፍቆ አልቋል።
ጭረቱ ግን አለ፤
«አላልኩህም?» አሉ ሮብሌም ወርዶፋም፣ እኩል።

ከዚያ ሮብሌ ከሽርጡ እጥፋት አወጣ አንድ ነገር፦
የነጂ እጀታ፤ በጡረታው ቀን «ጠፋ» ብሎ ፈርሞ
የተቀጣበት ነበር።
ሰካው። ገባ።
ምንም አልተንቀሳቀሰ።
ሦስቱም ግን፣ ሳይተያዩ፣
የእጅ ሰዓታቸውን አዩ።

አባቴ ከመንኮራኩሩ ጎን ተንበርክኮ
መዳፉን ወደ ሆዷ ሰደደ፤ ዐይኑን ጨፈነ።
ጮኬ ልጠይቀው ስል በእጁ ከለከለኝ።
«ቀዝቅዛለች» አለ፤
ቆየና፣ ለራሱ በሚመስል ድምፅ፣
«ግን አልተፈታችም» አለ።