ታድግበታለች

የሰኔ ማለዳ፣ የእንጅባራ ጭጋግ፣
ከፈረስ ተራው ማዶ፣ ከቀርከሃው ጥግ፣
በአንድ እጄ እንጉዳይን፣ በአንድ እጄ ቦራን፣
ከባንጃ ተነሥተን፣ ኮርቻ ፍለጋ ወጣን።

እሷ ስድስት ዓመቷ፤ እሱ ድንክ ፈረስ፣
ጫንቃው ከወገቤ፣ ዘሎም የማይደርስ።
ቤት ያለው ኮርቻ፣ የአባቴ ነበረ፤
ሰፊ፣ ባለ ጌጡ፣ ስንት ጉግስ የበረረ፤
ትናንት ስጭንበት፣ ቦራ ተሰወረ፤
ጭራና ሁለት ጆሮ፣ ከውጪ ቀረ።
ልጄን ሳስቀምጣት፣
እግሯ እርካቡን አጣው፣ አየር ላይ ተንጠልጥሎ፤
«ታድግበታለች» አልኩ፣ ልቤ ተደላድሎ።

እኛ እንዲህ ነው ያደግነው፤ ልብስ ሲገዛ፣
ሁለት ዓመት ወደፊት፣ ሦስት ዓመት ሲበዛ፤
ጫማው በጨርቅ ታጭቆ፣ ሱሪው በገመድ፣
ወንድሜ የጣለው፣ እኔ ላይ ሲወርድ፤
እጅጌ ስጠቀልል፣ አለፈ ልጅነቴ፤
ልኬ በሆነ ማግስት፣ አለቀ ካፖርቴ።

ከነጋዴው ተራ፣ ኮርቻው ተደርድሯል፣
ቀይ ከፋይ ለብሶ፣ መስታወት ተለጥፎበታል፤
«ይኼ ለማንም ነው» አለኝ አንዱ ቀልጣፋ፣
«ግላስ ደራርብበት፣ ጀርባውን ከገፋ።»

አያ ስንሻው ግን፣ ኮርቻ ጠራቢው፣
ልጄን አላያትም፤ ቀድሞ ቦራን ቀረበው።
በመዳፉ ዳሰሰው፣ ከጫንቃ እስከ ሽንጡ፣
ዓይኑን ከደን አርጎ፣ ጣቶቹ ሲያደምጡ።
አንድ ቦታ ሲደርስ፣ የቦራ ቆዳ ራደ፤
ስንሻው ዝም አለ፤ ዓይኑ ወደ እኔ ሄደ።
«ትናንት ማን ጫነበት?» «እኔ፣ ለአንድ አፍታ።»
«ገጣባ በአፍታ ነው፤ የሚድን በዝግታ።»
«ግላስ ብደርብበትስ?» ስለው ሳቀብኝ፤
«ጠባብ ጫማ በካልሲ፣ ይሰፋል?» አለኝ።
«እሷማ ታድጋለች» አልኩት እየፈራሁ፤
«እሱስ?» አለኝ። ቦራን፣ እንደ አዲስ አየሁ።
ሰባት ዓመቱ ነው፤ ቁመቱን ጨርሷል፤
በዚችው አጭር ጀርባ፣ ስንቱን ሰው ያደርሳል።

ቆዳ ያልለበሰ፣ የዋንዛ አጥንት አውጥቶ፣
ከሥሩ፣ ከሆዱ፣ የምድጃ አመድ ቀብቶ፣
ቦራ ላይ ያኖራል፤ ያነሣል፤ ያጤናል፤
አመዱ የነካውን፣ በጣቱ ይከተላል።
አንዱ ጫንቃ ይቆነጥጣል፤ አንዱ መሐሉ ባዶ ነው፤
ሦስተኛው ያዘመመ፣ እንደ ሰካራም ነው፤
አራተኛውን ወረወረ፤ «ይኼስ የበቅሎ ነው!»

ጠረበ፤ ፋቀ፤ ደግሞ አመድ ነሰነሰ፤
ፀሐይ ብቅ አለችና፣ ዝናቡ ተመለሰ፤
እኔ በልቤ ዋጋ፣ ስደምር፣ ስቀንስ፣
እሱ እንጨት ሲልግ፣ ለሌላ ሰው ፈረስ።

እንጉዳይ ገብስ ቆሎ፣ ከቦራ ተካፍላ፣
«ሲያመው ምን ይላል?» አለች፣ አንገቷን አዘንብላ።
«ጆሮውን ይጥላል፤ አፍማ የለውም፤
ያኔ ካልወረድሽለት፣ ሰው አይደለሽም!»

ስምንት ሰዓት ሲሆን፣ አመዱ እኩል አረፈ፤
ከጀርባው ግራና ቀኝ፣ እንደ ሁለት ገጽ ተጻፈ፤
አከርካሪው ላይ ግን፣ ሁለት ጣት ያሳለፈ፣
ብርሃን የሚያይበት፣ ቀዳዳ ተረፈ።

«ለልጅ ነው፣ ቀንስልኝ።» «ለፈረስ ነው» አለኝ፤
ዋጋው ንቅንቅ ሳይል፣ ጠፍሩን መረቀልኝ።

በዘንገና ስንመለስ፣ ጭቃው ላይ፣ ቁልቁለት፣
ልጄ ወጣች፤ እግሯ፣ ከእርካቡ ዋለ፤
እሷ ጆሮ ስታይ፣ ጆሮው ቀጥ አለ።
ከርሞ ይጠባታል፤ አውቃለሁ፣ ይጠባል፤
ከርሞ ግን ከርሞ ነው፤ ዛሬ ልክ ሆኗል።

ማታ፣ ሁሉም ሲተኛ፣ የአባቴን ኮርቻ
መደብ ላይ አኖርኩና፣ ወጣሁ ለብቻ።
አርባ ሦስት ዓመት ሞላኝ፤ ጢሜም ሸብቶኛል፤
ግራ ቀኝ ተንቀሳቀስኩ፤
ዛሬም ይሰፋኛል።