እንዴት ከረምሽ

ሙሄ ይቺን ቤት ሲያቆማት ለበጋ ብቻ አስቧት፣
ግድግዳዋን አቅጥኖ፣ የድንጋይ መሠረት ነፍጓት።
«ፀሐይ ለሚጠብቃት ቤት ወፍራም ጭቃ ምን ሊረባ?»
ይለኝ ነበር፣ ከደጁ ላይ፣ ያጥማጆቹ ጀልባ ሲገባ።

ሰኔ ሲገባ ቆልፈን፣ ፍራሹን በገመድ አስረን፣
በሚኒባስ ከሐይቅ ደሴ፣ ወደ ጦሳ ብርድ ዞረን፤
እሷ ክረምቱን ለብቻዋ፣
እኛ ክረምቱን ለብቻችን።

አሁን ሙሄ የለም። የደሴውን ቤት ሸጬ፣
ለልጆቹ አካፍዬ፣ የራሴን ድርሻ ቆርጬ፣
ሃያ ቆርቆሮና ምስማር ከኮምቦልቻ አምጥቼ
መጣሁ። ልከርም።

ፈቲያ ደወለች፦ «እማ፣ እዚያ አይቻልም፤ እኔ ጋ ነይና ክረሚ።»
«ጣሪያ ላይ ሰው አለ» አልኳት። «መዶሻውን ስሚ።»

እንድሪስ፣ ጭቃ መራጊው፣ ግድግዳውን በጣቱ መቶ፣
እንደ ሐኪም አዳመጠ፣ ጆሮውን አስጠግቶ።
ዝም አለ። ሠላሳ ዓመት ነርስ ነበርኩ፤ አውቃለሁ ያንን ዝምታ፣
ቤተሰብ ኮሪደር ላይ ቆሞ፣ ሐኪም ጓንቱን ሲያወልቅ በእርጋታ።

«እታለም፣» አለ፣ «ይቺ ቤት ክረምት ክረምት ስትታመም ኖራለች፤
ይኸው፣ ያንዳንዱን ዓመት እርጥበት በራሷ እጅ ጽፋለች።»
ነጭ፣ ቡናማ፣ አረንጓዴ፣ አንዱ ካንዱ በላይ መስመር፤
አልጋ ራስጌ የሚሰቀል የትኩሳት ሰንጠረዥ ይመስል ነበር።

አፈረስን። ድንጋይ ገባ፣ እስከ ጉልበቴ።
ሦስት ቀን ጭቃ ተቦካ፣ የጤፍ ጭድ እየጠጣ፤
እንድሪስ በእግሩ ሲረግጥ መንዙማው ከደረቱ ሲወጣ።
ለሰሜኑ መስኮት መስታወት፤ እስካሁን ላስቲክ ነበር፤
በሩንም ከሥሩ ላጉት፣ ሐምሌ ሲያብጥ እንዳይቸገር።

«እንጨት በሰኔ ይገዛል?» ብላ ጦይባ ሳቀችብኝ፤
«ክረምት የሚነደው እንጨት በጥር ነው የሚገዛ፣ አንቺ ሞኝ!»
ማታውን ከራሷ ክምር፣ ሳልለምን፣
ሁለት ሸክም ላከችልኝ።

ቦዩ ቀረ። ከቤቱ ጀርባ፣ ዳገቱ የሚተፋውን ውኃ
የሚወስድ ቦይ ይቆፈር ብዬ፣
እንድሪስ ሣሩን በአካፋ ገለጥ ሲያደርግ —
ቦይ አለ።
የቆየ ቦይ። ጠርዙ በድንጋይ የተለቀመ፣ ሥሩ ንጹሕ።

«ማን ቆፈረው?»

ጭቃ የለበሰ እግሩን አየ።
«አያ ሙሄ ነዋ። በየሐምሌው። ጠዋት ይመጣል፣
ከጦይባ ቤት አካፋውን ያነሣል፣
ሲመሽ በመጨረሻው መኪና ይመለሳል።
አታውቂም ኖሯል እንዴ?»

ለኔ «ኮምቦልቻ ጉዳይ አለኝ» ነበር።
ጫማውን ሳጥብ «ቦርከና ሞልቶ ነው» ነበር።
አንድ ዓመትማ ሴት ጠርጥሬ ኪሱን ፈትሼ፣
የሚኒባስ ቲኬት አግኝቼ፣ ሁለት ቀን አኩርፌ፣
ሽሮውን ያለ ጨው አቅርቤለት
በልቶ አመስግኖኝ ነበር።

ለካ አልተሳሳትኩም። ሴት ነበረች፤
ባለ ሁለት ክፍል፣
ጀርባዋን የሚበርዳት።

አካፋውን ጦይባ አመጣችው። እጀታው መሐል ላይ ሰርጉዷል፤
እጄን ሳስገባበት ሰፋኝ።

የመጀመሪያው ዝናብ መጣ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፤
ቆርቆሮው ሲጮህ ተነሣሁ፣ ባትሪ ይዤ ከጀርባ ልይለት።
ውኃው ጥግ ጥጉን ይዞ፣ ቤቴን ሳይነካ አልፎ፣
መንገዱን እንደሚያውቅ ሰው ወደ ሐይቁ ወረደ፣ ጎርፎ።

ካልጋዬ በላይ አንድ ቦታ ያፈሳል፤ ለእንድሪስ አልነገርኩም።
ጠብ ሲል እቆጥረዋለሁ፤
እንቅልፍ እስኪወስደኝ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

መስከረም ሲጠባ እንግዲህ፣ መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ
«እንዴት ከረምሽ?» ይለኛል፤ እንደ ልማዱ ነው ቃሉ።
ስንት ዓመት «ደኅና» ብያለሁ፣ የተጠየቅሁትን ሳልሰማ፤
ዘንድሮ ግን የሚጠይቀኝ ቁጭ ይበል፤ ረጅም ነው፤ ይስማ።

ገና ሐምሌ አምስት ነው።
ባልዲው ሞልቷል፤ ተነሥቼ ልድፋው።