ጃንጥላ

ሲስተር ረዲያ "ትንፋሽህን ቁጠር" አለች።
አንድ ብዬ ሁለት ስል፣ ልቤ ሐረጎን ቁልቁል ወረደ፣
ፍሬን እንደበጠሰ አይሱዙ በየመታጠፊያው ነጎደ፤
ኮምቦልቻ ደረሰ፤ ያልከፈልኩት የመብራት ሂሳብ ላይ፣
ግማሹን ቀብቼ የተውኩት በር ላይ፤
ሽሮው ምድጃው ላይ ነው፣ አጥፍቼዋለሁ ወይ?

አርባ ዓመት "ቀልበ ቢስ" ስባል፣ ስሜ መስሎኝ አቤት ስል ኖሬ፣
"ይታከማል" ሲሉኝ ስቄ፣ ይኸው መጣሁ ዛሬ።

"መሄዱን ተወው" አለች፣ "ልብ መቼም ይሄዳል፤
ሳትሰድበው መልሰው፤ ያልተሰደበ ልብ ይለምዳል።"

መለስኩት። ሄደ። መለስኩት።
ጦሳ ከጭጋጉ ሲወጣ፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል እዚሁ ነበርኩ።

ስወጣ ካፊያው ጀመረ፤ ሸዋ በር ደርሼ ጃንጥላዬን አስታወስኩ።
ራሴን ልሰድብ አፌን ከፈትኩ፣
ዘጋሁት።
ተመለስኩ።