ከመስመር የወጣ ቀይ

ባንበሪ ላይ ነው፤ እንግሊዝ አገር፥
ከቦዩ ዳር፥ ከቆዳ ፋቂ ሰፈር፥
ጆሳያ ፕራትሊ ማተሚያ ነበረው፤
ግብረ ገብን በፔኒ ነው የሚቸረችረው።
ከመዳፍ የማይበልጥ፥ ባለ ስምንት ገጽ፥
ሰነፍ የሚወቅስ፥ ባለጌ የሚገሥጽ፤
ድስት እንዴት ይታጠብ፥ ጸሎት መቼ ይደረስ፥
ለአባት እንዴት ይታዘዝ፥ ለሹም እንዴት ይጎነበስ።

ሥዕሉን የሚቀቡ አምስት ልጆች ነበሩ፥
ከጎህ እስከ ሻማ በአንድ ገበታ የታሠሩ።
ሰማዩን የሚቀባ ሰማይ ብቻ ያውቃል፤
ቢጫ የያዘችው እጇ ፀሐይ ይሞቃል፤
ኬዛያ ግን ቀይ ነች፤ ቀይ፥ ቀይ፥ ደግሞ ቀይ፥
በፖም ጉንጭ፥ በልጅ ቀሚስ፥ በወታደር ካባ ላይ።
ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ፊደል የማትቆጥር፥
የሺህ ልጆች መጽሐፍ በእጇ የሚያምር።
ሁለት ፔኒ ነው ማታ፥ ለመቶ ገጽ ዋጋ፤
ጣት ግን ቀለሙን ይዞ ይተኛል እስኪነጋ።

አንድ ነውር ነበረባት። ግራኝ ነች።

በቀኟ ስትቀባ ቀዩ ይወጣል ከመስመር፥
የልጅቷ ቀሚስ ደም መስሎ ይፈሳል ከምድር፤
ግራዋ ሲነካው ግን ልክ ነው፥ እንደ ክር።
እመቤት ፕራትሊ፦ «ይህ የፍየሎች ወገን ነው፥
በፍርድ ቀን ጌታ በግራ የሚያቆመው»
ብላ በሽርጧ ማሰሪያ፥ ጠፍራ በጠንካራ ክር
ያችን እጅ አሠረቻት ከወንበሩ እግር።
(በእኛ ቋንቋ ቢሆን «ግራ ገባት» ባልኩኝ፤
ቋንቋዬም ለካ በግራ ላይ ጨካኝ።)

የዚያ ዓመት መጽሐፍ፥ ብዙ የተሸጠው፥
ርእሱ «የመልካሟ ልጅ ማለዳ» የሚለው፥
ገጽ አምስት ላይ አንዲት ልጅ ዳቦ ትዘረጋለች፥
ለዓይነ ስውር ሽማግሌ ጎንበስ ብላለች።
ከሥሯ «በቀኝሽ ስጪ፤ ግራሽ አትወቅ» ይላል፤
ገጽ ሰባት ደግሞ «አትስረቅ» ብሎ ይጮኻል።

አንድ የጥቅምት ማለዳ፥ በቦዩ፥ በጀልባ፥
ከሊቨርፑል የመጣ ጥቅል ከቤቱ ገባ።
በውስጡ ያችው መጽሐፍ! ወረቀቷ ቢጫ፥
ሥሯ ላይ፦ «ቦስተን፥ የኤፍሬም ቶርን መሸጫ።»
ሳያስፈቅድ፥ ሳይከፍል፥ ቃል በቃል ገልብጦ፥
«አትስረቅ» ያለውንም ሳይቀር አስቀምጦ!
«ሌባ!» አለ ጆሳያ፤ «የባሕር ማዶ ሌባ!»
(እሱስ ከለንደን ሲያመጣት መች በበሩ ገባ?)
ከውዳቂ ወረቀት ቅርጫት ወረወራት።

እዚያ ማዶ ያለው ሥዕል ቀራጭ ሰው፥
እንዳየው እንዳለ በእንጨት ላይ ሲቀርጸው፥
ሲታተም ተገልብጦ፥ ቀኙ ግራ ሆነ፤
ውሻው ጎን ለወጠ፥ ዛፉም አልታመነ።
ኤፍሬም ነው ስሙ፤ ያዕቆብ እጁን አመሳቅሎ
የባረከው ዓይነት ስም፥ ታላቁን ዘልሎ።

ማታ፥ እመቤቲቱ ክሩን ፈትታ ስትሄድ፥
ኬዛያ ቅርጫቱን ወሰደች፥ እሳት ልታነድ።
ገጽ አምስት ላይ ቆመች። አየች። ደግማ አየች።
ልጅቷ ዳቦውን በግራዋ ይዛለች።
ክር የለም። ወንበር የለም። ማንም አልጮኸባትም፤
ሽማግሌው ሲቀበል «የትኛው እጅ?» አላላትም።
ሥዕሉ ገና ነጭ ነው፥ ቀለም ያልነካው፤
ከሳህን ሥር የደረቀ ቀይ አለ፤ በምራቅ ፈታችው።
ቀስ እያለች ቀባች፥ ቀሚሷን እስከ ጠርዙ፤
ቀዩና መስመሩ እጅ ለእጅ ተያያዙ።

ገጿን ገንጥላ ደበቀች፥ ከገለባ ፍራሽ ሥር፤
ጠዋት ያው ሽርጥ ነው፥ ያው ወንበር፥ ያው ክር።
በግራ ጎኗ ተነሣች፤ አልከፋትም ግን።
«ይህ የታሠረ እጅ» አለች እመቤት፥ «ምን አቀላው ጣቱን?»
ኬዛያ ዝም።
ከፍራሹ ሥር ያለው ጽሑፍ እንደ ድሮው ነው፤
«በቀኝሽ ስጪ» ይላል፥ ቦስተንም አላረመው።
ኬዛያ ማንበብ አትችልም። ለዚያች ሌሊት፥ እሰየው።